ከጅቡቲ የመጣው ኮምፕሬሰር

ባሌ ኢምራን መኪና ያውቃል። ይህን የምለው ልኮራበት ፈልጌ አይደለም፤ ነገሩን ይበልጥ የሚያናድደው ይኼ ስለሆነ ነው። የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሁሉ እሁድ የገፋ ሆዴን ይዤ ሲያስቆመኝ “ምን ያድርግ፣ አልገባው” ብዬ እተወው ነበር።

እናቴ የምትኖረው አዋሽ ነው። የወሎ ሰዎች ነን፤ አባቴ በሕይወት ሳለ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤተሰቡ መንገዱ ላይ፣ አዋሽ ቀረ፣ እሷም እስከ ዛሬ ጨርቅ ትነግዳለች። በእኛ ቤት ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ዘንድ ነው። እህቶቼ ሁሉ እንደዚያ አድርገዋል። አዋላጇ ከእናቴ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ ጤና ጣቢያው መንገድ ማዶ ነው። ባል የሚጠራው ለልጁ ስም ማውጫ ነው፣ እስከዚያ ቤቱ የሴቶች ነው። ይህን ሁሉ ኢምራን ሳያገባኝ በፊት ያውቃል።

እኔ ደግሞ ፈርቼ ነበር። ሆዴ በገፋ ቁጥር ፍርሃቱም አብሮ ይገፋል። ቀን ቀን ሰው መሳይ ሆኜ እውላለሁ እንጂ፣ ብቻዬን ስሆን ምጡን እያሰብኩ እጄ ይቀዘቅዛል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰዓት ሲደርስ ወገቤን የምትይዘኝ እናቴ እንድትሆን።

ችግሩ መንገዱ ነው። ባለፈው ለአረፋ ስንወርድ መተሐራ ላይ ሙቀቱ ራሴን አስቶኝ፣ ኢምራን መኪናዋን ዳር አቁሞ ውሃ ሲያፈስብኝ ነው የነቃሁት። የምትከታተለኝ ዶክተር ይህን ስትሰማ፣ “መሄድ ትችያለሽ፣ ግን የሚቀዘቅዝ መኪና ውስጥ መሆን አለበት። ያውም ይህ ወር ሳያልቅ። ወሩ ካለቀ በኋላ ከአዲስ አበባ አትወጪም” አለችኝ። አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳልሞክር አስጠነቀቀችኝ። ኢምራን አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃል ሰማ፤ እንዲያውም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር።

በማግስቱ ማታ ከሥራ ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ “ሱሀይላ፣ ኤሲው እምቢ አለ” አለኝ።

ኢምራን የሚሠራው ከቦሌ ኤርፖርት ሰው በማመላለስ ነው። መኪናዋ ትንሽ ነጭ ናት፤ እንጀራችንም ጌጣችንም እሷ ናት። ስለዚህ ጋራዥ ውሰዳት አልኩት። ጋራዥ ከገባች በቃ እንደማትወጣ ነገረኝ። ቦሌ ሚካኤል የሚያውቃቸው ልጆች አሉ አይደል ወይ፣ እነሱ ይዩዋት አልኩት። እነሱ ደግሞ የመኪና ሽቦ ሲነኩ ሌላ ነገር ያበላሻሉ አለኝ። የጓደኛህን መኪና ተዋስ አልኩት። “ነፍሰ ጡር ሚስቴን በሰው መኪና አልጭንም” አለና ደረቱን ነፋ። “እኔው ራሴ እዚሁ ግቢ ውስጥ እሠራታለሁ። አብሽሪ።”

አብሽሪ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ግን አመንኩት፤ መኪና ያውቃላ።

የምንኖረው ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የመኪና ኮፈን መክፈት ማለት ድግስ መጥራት ማለት ነው። የመጀመሪያው እሁድ ኢምራን ኮፈኑን ከፍቶ ገና በእንጨት ሳያስደግፈው ሦስት ወንዶች አጠገቡ ቆመዋል። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። ጋሽ ገብረየስ፣ ከምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤታችን፣ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ወጥተው ጥላው ሥር ተቀመጡ። በወጣትነታቸው አንዲት አሮጌ ፊያት ነድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ የእሷ ልጅ ይመስላቸዋል።

“ጋዝ ነው” አሉ ኮፈኑን ሳያዩ።

“ፊውዝ ነው” አለ ሌላው።

ኢምራን ፊውዟን ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሳት። ደህና ናት። ሞተሩን አስነሳና ኤሲውን ከፈተው። በኋላ ነገሩን ራሴው በደንብ ስለተማርኩት ልንገራችሁ፤ ኤሲ ሲከፈት ኮምፕሬሰሩ “ቀጭ” ብሎ ይያያዝና፣ ፊቱ ላይ ያለችው ክብ ብረት ሞተሩ ከሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ከችንጋው ጋር አብራ ትዞራለች። የኛ ላይ ችንጋው ይዞራል፣ ብረቷ ግን ቁጭ ብላለች። ከዳሽቦርዱ የሚወጣው አየር የቦሌን አስፋልት አቧራ ይዞ ሞቅ ብሎ ይመጣል።

“ቀላል ነው፣ ኢምራን” አሉ ጋሽ ገብረየስ። “ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ አምጣና ኮምፕሬሰሩን ንካው። ቀጭ ካለ ደህና ነው፤ ጉዳዩ ሌላ ቦታ ነው። ካላለ ሞቷል።”

“የአሁን መኪና እንደዚያ አይነካም፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ይቃጠላል።”

“የሽቦ ጫፍ ነው እኮ የምልህ።”

“ይቃጠላል ጋሼ።”

ጋሽ ገብረየስ ወንበራቸውን ግማሽ ዙር አዞሩ። ማኩረፋቸው ነው።

እኔ ከሥር ከሥር የስልኬን መብራት እይዝለት ነበር፤ ምክንያቱም የሞተሩ ሥር ቀንም ቢሆን ጨለማ ነው። እዚህ ጋ ሲለኝ እዚህ፣ እዚያ ጋ ሲለኝ እዚያ። በፊት መብራቱ ጀርባ በኩል ሳበራ ብቻ፣ “እዚያ አታብሪ፣ ዓይኔ ውስጥ ይገባል” ይለኛል። አንድ ጊዜ አይደለም። ባበራሁ ቁጥር። እሺ ብዬ አዞረዋለሁ። ያን ቀን ሙሉ ቆሞ ኮምፕሬሰሩን ሲያይ ዋለና፣ ማታ እጁን በኦሞ እያሸ፣ “ኮምፕሬሰሩ ሳይሆን አይቀርም” አለ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁ አዝኖ ነበር። ያዘነልኝ መሰለኝ።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። “መቼ ነው?” ነው ሰላምታዋ። እኔም ሳልሸሽግ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል አልኳት። የእናቴን ባሕርይ የማያውቅ ሰው ይህን ለምን መናገር እንዳልነበረብኝ አያውቅም። እናቴ ፈሂማ ችግር ሲነገራት አታዝንም፤ ሰው ትልካለች። ወንድሜ ሰዲቅ የአባታችንን መስመር ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። በሚቀጥለው ጉዞው ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ የመን ሰው ዘንድ የኛን መኪና ዓይነት ኮምፕሬሰር ገዝቶ፣ እናቴ በራሷ ጨርቅ ጠቅልላ፣ “ለአፏ የሚሆን” ብላ ለእኔ ቴምር ከጎኑ አስራ፣ በሚያውቁት መኪና ጭና ላከችው።

ኢምራን ጥቅሉን ሲፈታ አጠገቡ ነበርኩ። ብረቱ ብቅ ሲል ፊቱ ተለዋወጠ። ቴምሩን ከላዩ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

“እናትሽ ባይቸገሩ ምናለ” አለ።

“አልተቸገረችም። ልጇን ነው የምትፈልገው።”

“አውቃለሁ” አለ። አማቱ ዕቃ ስለገዛችለት ያፈረ መሰለኝ። ወንዶች ደግሞ በማይታፈርበት ያፍራሉ ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ክብሩን እንዳልነካ ተጨንቄ ያን ምሽት ሩዙን እሱ እንደሚወደው ሠራሁለት። አሁን ሳስበው ያ ሩዝ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው እሁድ ፍስሃ መጣ። ቦሌ ሚካኤል ፍሪጅ የሚጠግን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጋዝ የሚመጥጥበትና የሚሞላበት ዕቃ አለው። ኮምፕሬሰር ከመነቀሉ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል። ፍስሃ መለኪያውን ገጥሞ መርፌዋን አየ። ከዚያ ኢምራንን አየ።

“ጋዙ እኮ ሙሉ ነው። ምንም አልጎደለም።”

“የሞተው ኮምፕሬሰሩ ነው” አለ ኢምራን።

“ሞክራችሁታል?”

“ብዬ ነበር” አሉ ጋሽ ገብረየስ ከወንበራቸው። “የሚሰማ ካለ።”

ፍስሃ የተጠራበትን ሠርቶ የሚሄድ ሰው ነው። ጋዙን መጠጠና ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ኮምፕሬሰሩ ያለው ከታች፣ የሰው እጅ እንዳይደርስበት ተብሎ የተሠራ በሚመስል ቦታ ነው። ኢምራን መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ችንጋውን አላልቶ አወጣው። ከአራቱ ቡሎኖች ሦስቱ ተፈቱ። አራተኛው እምቢ አለ። ዘይት ተደረገበት፣ ተመታ፣ ተለመነ። ቁልፉ በተንሸራተተ ቁጥር የኢምራን ጣት ብረት ላይ ያርፋል፤ ቆዳው ተላጦ ደሙ ከግራሱ ጋር ይቀላቀላል። አንዴ ደግሞ ቁልፉ ወድቆ የሆነ ጉያ ውስጥ ገባና፣ አራት ወንዶች በአራት አቅጣጫ ጎንበስ ብለው ሲፈልጉት ቆዩ። እኔ ወገቤ ተቆርጦ፣ እግሬ አብጦ መብራቱን ይዣለሁ።

“ግራውን አብሪ” ይለኛል ከሥር።

“ግራ ዓይንህ ውስጥ ይገባል አላልክም?”

“የእኔን ግራ።”

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቡሎኑ ወጣ። ኢምራን ከመኪናዋ ሥር ሲወጣ አሮጌውን ኮምፕሬሰር እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር። ክፍት የቀሩትን የቱቦ አፎች አቧራ እንዳይገባባቸው በጥቁር ፕላስተር አሸጋቸው። ፕላስተር ሲለጥፍ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ጫፍ አጥፎ ምላስ የመሰለች ነገር ይተዋል፤ በኋላ ጥፍር ሳይቧጥጥ እንዲላቀቅ። በቤታችን የስኳሩም፣ የበርበሬውም፣ የመድኃኒቱም ከረጢት ጫፉ የታጠፈ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ስንጋባ በዚህ ነገሩ ስቄበት ነበር፤ እያደር ወደድኩለት።

ወሩ እያለቀ ነበር። እናቴ “መቼ ነው?” ማለቱን ትታ ዝም ብላ መተንፈስ ጀመረች። ይኼ ከጥያቄው ይብሳል። ኢምራን ደግሞ በሥራ ቀን መኪናዋን አልነካም አለ፤ ሥራ አለብኝ ይላል። ኮምፕሬሰር የሌላትን መኪና በሌላ አጭር ችንጋ አስነስቶ ቦሌ ይመላለሳል። ሲመለስ ይደክመዋል። “እሁድ” ይላል። ሕፃኑ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል፣ እኔ ወሩን በጣቴ እቆጥራለሁ፣ እሱ “እሁድ” ይላል። አንድ ቀን ከንዴቴ ብዛት ማንኪያዎቹን ሁሉ ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና አጠብኳቸው።

ሦስተኛው እሁድ የመጨረሻችን ነበር። ወሩ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ኢምራን ከጅቡቲ የመጣውን ኮምፕሬሰር አስገባ፤ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ የሚያጠብቁትን የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹን፣ በአዲስ ቀየረ፣ ዘይቱን አደረገ፣ ችንጋውን መለሰ። ያ አራተኛው ቡሎን ሲወጣ ያስለቀሰንን ያህል ሲገባ አላስቸገረም። ፍስሃ ቱቦውን ባዶ የሚያደርግበትን ፓምፕ ይዞ መጣ፤ ኤሌክትሪኩን ጋሽ ገብረየስ ከመስኮታቸው በረጅም ሽቦ ዘረጉልን። ፓምፑ ገና መጮህ ሲጀምር መብራት ሄደ።

 ጋሽ ገብረየስ መብራቱ የሄደው በእሳቸው ጥፋት ይመስል ወደ ቤታቸው ገብተው ቆጣሪውን ነካክተው ወጡ። ተቀመጥን። የግቢው ወንዶች ቴምሩን በሉት። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ እንደገና ጮኸ፣ ጋዙ ተሞላ፣ ፍስሃ መለኪያውን ነቅሎ ራሱን ነቀነቀ።

ኢምራን ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ሁላችንም ሞተሩ ላይ አጎነበስን። ኤሲውን ከፈተው።

ችንጋው ዞረ። ክቧ ብረት ቁጭ አለች።

“አሁንስ ከባትሪው ቀጥታ—” ብለው ጋሽ ገብረየስ ጀመሩ፣ ግን የእሳቸውም ድምፅ ደክሞት ነበር። ፍስሃ ፂሙን አሻሸ። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ግን ወደ ጎን ወጣ ብዬ በበሩ መስኮት ኢምራንን አየሁት። መሪውን ይዞ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ትከሻውም ወረደ። መታወቂያው ጠፍቶበት ሲያገኘው የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። አምስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ሲናደድ እንዴት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ። ይኼ ንዴት አይደለም።

“የሽቦ ነገር ነው” አለ ፍስሃ። “ነገ የኤሌክትሪክ ሰው ይየው።”

አዛን ሲል ኢምራን ታጥቦ ወደ መስጊድ ሄደ። ፍስሃ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ጋሽ ገብረየስ “በሰላም ያገላግልሽ ልጄ፣ ሁሉም ለበጎ ነው” ብለውኝ ወንበራቸውን ይዘው ገቡ። እኔና መኪናዋ ቀረን። ኮፈኑ እንደተከፈተ ነው።

የስልኬን መብራት አበራሁና፣ ዓይኑ ውስጥ ይገባል ወዳለኝ ቦታ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።

ከፊት መብራቱ ጀርባ፣ አንድ ቀጭን ቱቦ ላይ ትንሽ ነገር ተሰክታለች፤ ሽቦ ሊሰካባት የሚገባ አፍ አላት፣ ግን ባዶ ናት። ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ሶኬት ተንጠልጥሎ፣ ዞሮ ወደ ጉያው ተደብቆ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። በጥንቃቄ ነው የተጠቀለለው። ጫፉ ታጥፏል።

ለምን ያህል ጊዜ ቆሜ እንዳየኋት አላውቅም። ያችን የታጠፈች ምላስ ይዤ ስስባት ጥፍር ሳያስፈልጋት ተላቀቀች። ሶኬቱን አፉ ላይ ሰካሁት፤ “ጠቅ” አለ። ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁና ኤሲውን ከፈትኩት። ከፊቴ፣ ከኮፈኑ ሥር፣ “ቀጭ” የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ቅዝቃዜው ፊቴ ላይ ነፈሰ። ከንዴቴ ብዛት መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

ኢምራን ሲመለስ ከሩቅ ነው የቆመው። ድምፁን ሰምቶታል። ቀስ ብሎ መጥቶ በተሳፋሪው በር ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፕላስተሩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ እሱን አየ።

“ከመቼ ጀምሮ?” አልኩት።

“ዶክተሯ ጋ ከሄድን ማግስት።”

“ደህናውን ኮምፕሬሰር ነቀልክ። ደህናውን፣ ኢምራን። ወንድሜ ከጅቡቲ ብረት ተሸክሞ መጣ። ጋሽ ገብረየስን አስኮረፍካቸው። እኔን በዚህ እግሬ አቆምከኝ።”

“ለሁለት ቀን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ምን ብዬ እንደምነግርሽ እስኪመጣልኝ። ከዚያ ጋሽ ገብረየስ ጋዝ ነው አሉ፣ ሰዎቹ ፊውዝ ነው አሉ፣ እኔም የሆነ ነገር ማለት ስለነበረብኝ ኮምፕሬሰር አልኩ። አንቺ ለእናትሽ ነገርሽ፣ እናትሽ ደግሞ ላኩት። ወላሂ፣ እኔ የነቀልኩት አንድ ሶኬት ነው፤ ሌላውን እናንተ ናችሁ የጨመራችሁበት።”

“እኛ?”

 የተላጠ ጣቱን አየሁት፤ በጨው ውሃ ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ኢምራን ቀደመኝ።

“እኔ የተወለድኩት ወሎ፣ ሐርቡ፣ አያቴ ቤት ነው። አባቴ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ነው የሰማ። ሥራ ያዘው፣ መንገድ ያዘው፣ ያየኝ ጥርስ ካወጣሁ በኋላ ነው። ሲያቅፈኝ አለቀስኩበት አሉ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ‘እንግዳው’ ነበር የሚለኝ። ወንድሞቼ እዚህ ነው የተወለዱት፤ እነሱን በስማቸው ይጠራቸዋል፣ እኔን ‘እንግዳው’። ለቀልድ ነው፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።” ፕላስተሩን አንስቶ በጣቱ ላይ ጠቀለለው። “እናትሽ ቤት ስትሄጂ በስልክ ነው የምሰማው። ወንድ ነው፣ ወይ ሴት ናት፣ ለስም ማውጫው ና። እዚህ ብትወልጂ ግን አጠገብሽ ነኝ።”

“የት ነው አጠገቤ?”

“ስትወልጂ። እዚያው ክፍል።”

“ኢምራን፣ የምንከታተልበት ቦታ ማዋለጃ ክፍል ወንድ አያስገቡም።”

ዞሮ አየኝ። “አያስገቡም?”

“ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። በየቀጠሮው የምትቀመጠው ከጽሑፉ ሥር ነው።”

ይኼኔ ፊቱ ላይ የታየውን ልገልጸው አልችልም። ያን ሁሉ ቡሎን የፈታው፣ ያን ሁሉ ቆዳ የተላጠው ለከንቱ ነው። በቀስታ፣ “እንግዲያው በር ላይ እቆም ነበር” አለ። “ድምፁን እሰማለሁ።”

ንዴቴ አልበረደም። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ምክንያቱም ዕንባዬ መጥቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ማልቀስ አልፈለግኩም።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ፈርተሽ ነበራ። ማታ ማታ እናትሽን በስልክ ስታወሪ እሰማሻለሁ። እሷን ፈልገሻል። አትሂጂ ማለት አልቻልኩም። መኪናዋ ብትልሽ ይሻላል ብዬ ነው።”

ስልኬን አወጣሁና እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ በመሀላችን አስቀመጥኩት። ኢምራን እጁን ሊዘረጋ አለና ተወው። ሁሉንም ነገርኳት። ሶኬቱን፣ ፕላስተሩን፣ እሁዶቹን፣ እንግዳውንም። ምንም አላስቀረሁም፤ እንድትሰድብልኝ ነበር የፈለግኩት። ስጨርስ ከወዲያ በኩል የሱቁ ሁካታ ብቻ ይሰማል።

“የድሮው ኮምፕሬሰር ታዲያ ደህና ነው?” አለች በመጨረሻ።

“ደህና ነው።”

“እንዳትጥሉት። ይዛችሁት ኑ።” አንድ ገዢ አሰናበተች። “ባልሽ ይሰማኛል?”

“ይሰማል።”

“ኢምራን።”

“አቤት፣ እማ።”

“ሶኬት ከምትነቅል አፍ የለህም?”

“አጥፍቻለሁ፣ እማ።”

“አጥፍተሃል። ልጄን በጸሐይ አቁመሃል፣ እሱን ስትመጣ በደንብ አድርጌ እነግርሃለሁ።” የሱቁ ሁካታ ራቅ አለ። “የሷ አባት ሁሉንም ልጆቹን መንገድ ላይ ሆኖ ነው የሰማ። አንድም ቀን የቤቴ በር ላይ የቆመ ወንድ የለም። እንዴት እንደሆነም አላውቀው። እንግዲህ የምትቀመጥበት ዱካ በሩ ላይ አወጣልሃለሁ። ወደ ውስጥ አትገባም፤ ውሃ ትቀዳለህ፣ ስትጠራ ትመጣለህ፣ ስትባረር ትሄዳለህ።”

“እሺ፣ እማ።”

“ሲያለቅስ ትሰማለህ። በሩ ስስ ነው።”

 ኢምራን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ አሁንም ተናድጄበት ነበር፣ ግን እጁን ይዤዋለሁ።

በማግስቱ ጧት ወጣን። ጋሽ ገብረየስ ሊሸኙን ወጥተው፣ ኤሲው ሲሠራ ሲያዩ፣ “ታዲያ ምን ሆኖ ነበር?” አሉ። ኢምራን፣ “እርስዎ እንዳሉት ነው ጋሼ፣ ከባትሪው ቀጥታ ብሞክረው ኖሮ ያን ቀን ይገባኝ ነበር” አላቸው። ሳቃቸው እስከ በሩ ተከተለን። ኢምራን ሲያጠፋ እንኳ ሰው ደስ ማሰኘት ያውቅበታል፤ ይህም ያናድደኛል።

አዳማን አልፈን፣ መተሐራ ስንደርስ ከውጭ ያለው ድንጋይ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ሙቀቱ በአስፋልቱ ላይ ይርገበገባል። ውስጡ ግን ቀዝቃዛ ነው። ባለፈው ራሴን የሳትኩበትን ቦታ ሳላውቀው አለፍነው። ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት።

“ያ ነፋስ እየነፋብሽ ነው? ብርድ ወገብሽ ውስጥ ይገባል። ዝጉት።”

ኢምራን ሰምቶ እጁን ወደ ኤሲው ሰደደ። እጁን ያዝኩት።

“ዝግ ነው፣ እማ” አልኳት። “እንደገና ተበላሽቷል።”

“ታዲያ ሙቀቱስ?”

“መስኮት ከፍተናል።”

“መስኮትም ነፋስ ያስገባል። ዝጊው።”

“እሺ፣ እማ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ኢምራን ሊስቅ ነበር፣ አይቶኝ ተወው። ትንሽ እንደነዳ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

“በሩ ግን እውነት ስስ ነው?” አለኝ።

“ቆርቆሮ ነው” አልኩት። “ሁሉም ነገር ይሰማል።”